ሦስት ቁልፍ ለአንድ ሞተር፦ የአሮጌ ኤስቲ 1100 ሳጥኖችን በአንድ ቁልፍ ማድረግ ይቻላል?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሬ ሆንዳ ኤስቲ 1100 ነው። አውሮፓ ያላችሁ ፓን-ዩሮፒያን በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2002 የተመረተ፣ ቪ-4 ሞተር ያለው፣ በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ የሚሄድ፣ 28 ሊትር ቤንዚን የሚይዝ የረጅም መንገድ ሞተር ነው። ዕድሜው ቢገፋም ጉልበቱ አልደከመም። የደከመው መቆለፊያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኙ የጎን ሳጥን በማስነሻው ቁልፍ ይከፈታል፣ ግን ሳያስለምን አይደለም። ቁልፉን አስገብቼ ወደ ላይ ወደ ታች ካላነቃነቅኩት አይዞርም። የግራው ሳጥን ደግሞ የዚህ ሞተር አይደለም። የቀድሞው ባለቤት አንድ ጊዜ ወድቆ የተሰበረበትን ሳጥን ከሌላ ሞተር በተፈታ ተክቶታል፤ ስለዚህ የራሱ ቁልፍ አለው። ከኋላ ያለው ትልቁ ሳጥን ጊቪ የሚባል ሌላ ኩባንያ የሠራው ነው፣ እሱም ሦስተኛ ቁልፍ ይዞ መጥቷል። ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ መፈለግ ሰልችቶኛል።

ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ማድረግ ይቻላል? አዲስ መቆለፊያ ልግዛ ወይስ ያለውን በማስነሻው ቁልፍ ልክ ላስተካክለው? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በእጃችሁ ሞክራችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ይህን ከጠየቅኩ በኋላ መልሱ ጎረፈ። ግማሹ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ነው። ተመሳሳይ ሞተር ያለው ሰው ኋላ ሲመጣ እንዳይደናገር፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ አስቀምጫለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም። የራሴንም ሐሳብ በየመሃሉ እላለሁ።

መልስ 1

ዳላስ የሚኖሩ፣ አሮጌ ጎልድ ዊንግ የሚባል የሆንዳ ሞተር ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ከሰላምታና ከምርቃት በኋላ፣ ምንም ነገር ከመፍታቴ በፊት መቆለፊያዎቹን እንዳጥብ መከሩኝ። የብዙ ዓመት አቧራ፣ ዝናብና የቀድሞ ሰዎች ያፈሰሱት ዘይት ውስጡ ተጋግሮ ጭቃ እንደሚሆን ነገሩኝ። በማጽጃ ፈሳሽ ነፋ ነፋ ማድረግ፣ ቁልፉን ማስገባትና ማውጣት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መደጋገም። ከደረቀ በኋላ ደረቅ ማለስለሻ ብቻ፣ ግራፋይት ወይም ቴፍሎን። ተበላሸ ተብሎ እጃቸው የገባ ብዙ መቆለፊያ የቆሸሸ ብቻ ሆኖ እንዳገኙት ጨመሩ።

መልስ 2

በአንድ መስመር ተስማማና ለዚህ ሥራ ደብሊውዲ-40 የሚባለውን የሚነፋ ፈሳሽ የሚያህል ነገር እንደሌለ ተናገረ። ጠቡ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 3

ይህኛው ቁጥር 2ን አልማረውም። ደብሊውዲ-40 ማለስለሻ እንዳልሆነ፣ መቆለፊያ ውስጥ ሲቀር አቧራ እንደሚሰበስብ፣ የማያውቁ ሰዎች ስንቱን መቆለፊያ እንዳበላሹ በቁጣ ጻፈ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

መልስ 4

ሁለቱንም አረመ። አነጋገሩ ረጋ ያለ ስለነበር ሁለቱም ዝም አሉ። ፈሳሹ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 ሳንዲዬጎ ውስጥ ውሃን ለማስለቀቅና ዝገትን ለመከላከል መሆኑን፣ ስሙም ውሃ ማስለቀቅ የሚለውን እንግሊዝኛ ምህጻርና የተሳካውን 40ኛ ሙከራ የያዘ መሆኑን አስረዳ። ስለዚህ ለማጠቢያ ይሆናል፣ እንደ ማለስለሻ ግን እዚያው መተው የለበትም። አጥቦ፣ በአየር ነፍቶ፣ አድርቆ፣ ከዚያ ደረቁን ማስገባት። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከቀኙ ሳጥን የወጣው ጥቁር ዝቃጭ ለማመን ያስቸግራል። መቆለፊያው ከበፊቱ ቀለለ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተፈወሰም።

መልስ 5

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ስለሆነ ዘርዘር አደርገዋለሁ። የጻፈው ሥራው ቁልፍ መቅረጽ የሆነ ወንድም ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩ፣ ማለትም ቁልፍ ገብቶ የሚያዞረው የመቆለፊያው ክብ ክፍል፣ ውስጥ ያለውን ነገር አስረዳ፤ ሰው ምን እንደሚፈታ ሳያውቅ ካቻቪቴ ማንሳት እንደሌለበት በማሳሰብ።

ሲሊንደሩ ውስጥ የተደረደሩ ስስ የናስ ላሜራዎች አሉ። እያንዳንዷ መሃሏ ላይ መስኮት አላት፣ ቁልፉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከጎን ትንሽ ሞላ ይገፋታል። ቁልፍ በሌለበት ጊዜ ላሜራዎቹ ከሲሊንደሩ ወጣ ብለው ሲሊንደሩን በያዘው ቤት ላይ ወዳለው ቦይ ይገባሉ፣ ስለዚህ መዞር የለም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዷን ላሜራ በልኳ ይስባሉ፣ ሁሉም ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ይሆናሉ፣ ያኔ ይዞራል። አንዷ ላሜራ ከሌላዋ የምትለየው በመስኮቷ ከፍታ ብቻ ነው። መቆለፊያን ለሌላ ቁልፍ ማስተካከል ማለት እንግዲህ ላሜራዎቹን በአዲሱ ቁልፍ ጥርስ ልክ እንደገና መደርደር ነው። አስማት የለበትም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ግን የሁሉንም ሐሳብ ቀየረ። የቀኙ ሳጥን ችግር ከመቆለፊያው ሳይሆን ከቁልፉ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ። ቁልፍ በዓመታት ይበላል። የተበላ ቁልፍ ላሜራዎቹን እስከ ልካቸው አይስባቸውም፣ መነቅነቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰው ደግሞ ቅጂ ሲያስቀርጽ ከተበላው ላይ ያስቀርጻል፤ ቅጂው መበላቱን አብሮ ይወርሳል፣ የቅጂው ቅጂ ደግሞ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ግራውን ሳጥን በዚህ በተበላ ቁልፍ ልክ ካስተካከልኩት፣ መቆለፊያውን ከብልሽት ጋር አጋባሁት ማለት ነው። አዲስ ቁልፍ ባወጣሁ ቀን ግራው እምቢ ይላል።

መፍትሔው በዋናው ቁልፍ ላይ ወይም ከአዲስ ሞተር ጋር በሚሰጠው ትንሽ የብረት ታርጋ ላይ የተመታው የቁልፍ ቁጥር ነው። በቁጥሩ የሚቀረጽ ቁልፍ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ቁጥሩ ከጠፋ የተበላውን ጥርስ ለክቶ ፋብሪካው ወደሚጠቀምበት የቅርብ ደረጃ ማስጠጋት ይቻላል፣ ምክንያቱም ጥልቀቶቹ የታወቁ ደረጃዎች ናቸው፣ እንደ ልብ የሚሆኑ አይደሉም። የሞተሩን የባለቤትነት ወረቀት ይዞ መሄድ እንዳይረሳ አደራ አለ፤ ጥሩ ቁልፍ ሠሪ ያለ እሱ እንደማይሠራና መጠየቁም ልክ እንደሆነ ጠቆመ።

መልስ 6

ይህን ሁሉ ማንበብ የሰለቸው ሰው ይመስላል። አቋራጭ አመጣ። የግራውን ሲሊንደር ማውጣት፣ የማስነሻውን ቁልፍ ማስገባት፣ ወጣ ብለው የቀሩትን ላሜራዎች እኩል እስኪሆኑ በሞረድ መሞረድ፣ መልሶ መክተት። በአሥር ደቂቃ እንደሚያልቅና እሱ በሁለት ሞተር ላይ እንዳደረገው ጻፈ።

መልስ 7

እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ቁጥር 7 ሞረዱን የመከረውን ሰው የሰው ንብረት የሚያበላሽ ብሎ ዘለፈው። ዘለፋውን ትተን ምክንያቶቹን ብናይ ግን ትክክል ናቸው። የተሞረደች ላሜራ ወደ ቦዩ የምትገባው በትንሹ ነው ወይም ከነጭራሹ አትገባም። እንዲህ ያለ መቆለፊያ ለሌላ ቁልፍም፣ አንዳንዴ ለቀጭን ካቻቪቴም ይዞራል። የናሱ ብናኝ ሞላዎቹ ጋ ገብቶ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ የተሞረደ አያድግም።

መልስ 8

ቁጥር 6 ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቶ። ሳጥኑ ፕላስቲክ እንደሆነ፣ ሊሰርቅ የፈለገ ሰው መቆለፊያ እንደማይነካካና ክዳኑን በብረት ፈልቅቆ እንደሚከፍተው ተከራከረ። ለእሱ የሳጥን መቆለፊያ ሥራ ክዳኑ መንገድ ላይ እንዳይከፈት መያዝ ብቻ ነው። ለቁጥር 7 የሰጠውን ስድብ አላስቀምጠውም።

እኔ ፍርዴን ልስጥ። ሳጥኑ ካዝና አይደለም፣ እዚህ ላይ ቁጥር 6 እውነት አለው። ይሁን እንጂ ይህ ለሞረድ ምክንያት አይሆንም። አሮጌ ሞተር ያለን ሰዎች ዕቃችን ከገበያ እየጠፋ ነው። አንድን ሲሊንደር ለዘላለም ማበላሸት የሚቀጥለውን ባለቤት መጉዳት ነው። ላሜራ እየቀያየሩ መደርደር ሲቻል ለምን ይሞረዳል? ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

መልስ 9

እግዜር ይስጣት፣ ጀርመን የምትኖር እህታችን ክርክሩን ወደ ሥራው መለሰችው። የቢኤምደብሊው አር 1100 አርቲ ባለቤት ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 የተሠራው። ያገለገሉ ሳጥኖች ገዝታ በሞተሯ ቁልፍ ልክ ራሷ አስተካክላለች። አካሄዷን በቅደም ተከተል ነገረችን፣ እኔም ቃል በቃል ባይሆንም ላስቀምጠው።

ሲሊንደሩን ከቤቱ ማውጣት የሚቻለው የራሱ ቁልፍ ሲገባበት ነው፣ አለዚያ ላሜራዎቹ ቦዩ ውስጥ ይይዙታል። ከኋላ ምላሱን የያዘውን ብሎን ወይም ቀለበት ፈትቶ፣ ማቆያዋን በቀጭን መርፌ ተጭኖ ቀስ ብሎ መሳብ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በትልቅ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ መሠራት አለበት። እጅን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ማለት ነው። የራሱ ቁልፍ ሲወጣ ላሜራዎቹ በሞላው ኃይል ይዘላሉ፣ ሞላዎቹም እንደ ሽፋሽፍት ቀጭን ስለሆኑ ምንጣፍ ላይ ከወደቁ አይገኙም። በወረንጦ አንድ በአንድ አውጥቶ፣ የነበሩበትን ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከተቻለ በስልክ ፎቶ ማንሳት።

ከዚያ የሚፈለገውን ቁልፍ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ማስገባትና እያንዳንዷን ቦታ በተለያዩ ላሜራዎች መሞከር። እኩል የሆነችው የዚያ ቦታ ናት። ወጣ ካለች ሌላ መሞከር። ሞላዎቹ መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሲሊንደሩ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ደጋግሞ ሳይሞከር ሳጥኑ ላይ እንዳይታሰር አስጠነቀቀች። በተለይ ደግሞ ክዳኑን ዘግቶ መሞከር ክልክል ነው፤ ካልዞረ ሳጥኑ ተዘግቶ ይቀራል።

መልስ 10

ቁጥር 7 ይችን ምክር አመስግኖ አንድ ጥያቄ ጨመረ፦ የሚስማማ ላሜራ ለአንድ ቦታ ከታጣ ምን ይደረጋል? ራሱም መለሰው። አንድ ቦታ ባዶ መተው ከመሞረድ ይሻላል፣ ምክንያቱም ላሜራዋ ስትገኝ ኋላ ይሞላል። ከአንድ በላይ ባዶ መተው ግን መቆለፊያውን ስም ብቻ ያደርገዋል። ከተጣለ ተመሳሳይ መቆለፊያ ላይ ላሜራ መዋስ ሁሉን ያስቀራል። ይህ ሰው ሲቆጣ ክፉ ነው፣ ሲያስተምር ግን ጥሩ ነው።

መልስ 11

ስለ ጊቪው ሳጥን መጀመሪያ የመለሰ ይህ ነው። የጊቪ ቁልፍ ቅርጽ ከሆንዳው የተለየ ስለሆነ፣ የሆንዳ ቁልፍ ወደ ጊቪ ቀዳዳ ጭራሽ አይገባም። ላሜራ በመደርደር የሚፈታ ነገር አይደለም። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ለሁሉም የሚለውን ሕልሜን እንድተወው ነገረኝ፣ ሁለት ቁልፍ ግን ይቻላል። ከአንድ በላይ የጊቪ ሳጥን ላላቸው ሰዎች ኩባንያው በአንድ ቁልፍ የሚሠሩ መቆለፊያዎችን አንድ፣ ሁለትና ሦስት አድርጎ እንደሚሸጥ ጠቆመ፤ ኤስኤል 101፣ 102 እና 103 የሚባሉት ናቸው። በዚያውም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ጣልያን ውስጥ ጁዜፔ ቪዜንዚ በሚባል የቀድሞ የሞተር እሽቅድምድም ተወዳዳሪ እንደተመሠረተና ስሙም ከሰውዬው ስምና የአባት ስም መጀመሪያ ፊደላት እንደመጣ ነገረን። አላውቅም ነበር፣ ደስ አለኝ።

መልስ 12

ሌላ መንገድ ያመጣ ሰው ነው። ከተጋጨ ሞተር ላይ ማስነሻውን፣ የታንኩን ክዳንና ሁለቱን ሳጥኖች ከአንድ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ መግዛትና ሁሉንም መቀየር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ማስነሻው ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚታሰረው ሌባ እንዳይፈታው ተብሎ በተሠራ ብሎን ነው፣ ለመፍታት መሰርሰር ሊያስፈልግ ይችላል። እኔ ለሁለት ሳጥን ብዬ ደህና የሚሠራ ማስነሻ አልነካም።

መልስ 13 እና 14

ከርዕሱ መውጣት የጀመርነው እዚህ ነው። ቁጥር 13 ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የገጠመውን አወራ። ከአገር ቤት እናቱ የላኩለትን በርበሬና ሽሮ ከመንገደኛ ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ቤቱ ሲደርስ ቁልፉ መቆለፊያው ውስጥ ለሁለት ተሰበረ። እስኪከፈት ድረስ ጋራዡ በሙሉ በበርበሬ ሽታ ታጠነ። ስብርባሪውን ያወጣው በቀጭን የመጋዝ ምላጭ ነው፤ ጥርሱን ወደ ውጭ አድርጎ ከቁልፉ ጎን አስገብቶ፣ ቁልፉን ነክሶ ወደ ኋላ በመሳብ። ሲሊንደሩ ቁልፉ በሚገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ግን እንደማይወጣ አስታወሰ። ይህ ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ጠቃሚ ነው፣ ያዙት።

ቁጥር 14 የራሱም ሞተር ኤስቲ እንደሆነና መቆለፊያው ላይ አንድ ላሜራ ተሰንጥቃበት እንደተቸገረ ተናግሮ፣ ወዲያው ወደ መንገድ ወሬ ገባ። ቨርጂኒያ ያለውን የተራራ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭን፣ በመኸር ቅጠሉ ሲቀላ ያላየ አልተፈጠረም ዓይነት ነገር ጻፈ። 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ። ሲያልቅ 469 ማይል የሆነው ሌላ የተራራ መንገድ፣ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ፣ እዚያው ይቀጥላል። ሞተሩን አቁሞ ወደ ፏፏቴ በእግር የሚወርድ ሰው ጃኬቱንና ካሜራውን የት ይተው? ለዚህ ነው የሚዘጋ ሳጥን የሚያስፈልገው። ቁጥር 6 ይህን ቢያነብ ጥሩ ነበር።

መልስ 15

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ በሞረድና በዓይን ግምት ብቻ ቁልፍ የሚቀርጹ ባለሙያዎች እንዳሉ ነገረን። እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር በከተማው ማየት ግን ብርቅ እንደሆነ ጨመረ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት መከልከሉን አስታወሰ፣ ምክንያቱም በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነው ተብሎ ነበር። ይህን ተከትሎ ክልከላው ልክ ነው፣ ልክ አይደለም የሚል ረጅም ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ቁጥር 16፣ 17 እና 18 በሙሉ በዚያ አለቁ። ሥራውን በሞተር ያደርግ የነበረ ሰው እንጀራውን ማጣቱ ያሳዝናል፣ የተዘረፈውም ሰው እውነቱን ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ሌላ ቦታ እንዲያወሩበት ለመንኳቸው።

መልስ 19

አዲስ ገቢ ነው። ለመርዳት ብሎ የራሱን ቁልፍ ፎቶ፣ ጥርሱ በግልጽ እየታየ፣ ከነቁጥሩ ለጠፈ። ታርጋውም ከጀርባ ይታያል።

መልስ 20

ቁልፍ ሠሪው፣ ቁጥር 5፣ እንደ እሳት ነደደ። ፎቶው በአስቸኳይ እንዲነሳ አዘዘ። ከጥሩ ፎቶ ላይ የጥርሶቹን ጥልቀት አንብቦ ቁልፍ መቅረጽ እንደሚቻል፣ ቁጥሩ ካለ ደግሞ ፎቶም እንደማያስፈልግ አስረዳ። ልጁ ደንግጦ አነሳው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሰውየው ከተቆጣ በኋላ ለስለስ ብሎ ወንድሜ እያለ አጽናናው። ይህን የምጽፈው ልጁን ለማሳፈር አይደለም፤ ብዙዎቻችን ቁልፋችንን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ፎቶ ስለምንነሳ ነው።

መልስ 21 እና 22

ቁጥር 21 ያለ ቁልፍ የተዘጋ ሳጥን እንዴት እንደሚከፈት ጠየቀ። ሳጥኑን ከማን እንደገዛው አልተናገረም። ቁጥር 22 እንዲህ ያለ ጥያቄ በአደባባይ እንደማይመለስ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቁልፍ ሠሪ እንዲሄድ በደረቁ ነገረው። ቁጥር 21 እንደ ሌባ ተቆጠርኩ ብሎ ተቀየመ። እኔ ቁጥር 22 አነጋገሩ ቢከርርም ከመልሱ ጋር ነኝ። ንጹሕ ሰው ወረቀት ማሳየት አይከብደውም።

መልስ 23

ከሚኒያፖሊስ። እዚያ ክረምቱ መቆለፊያን ያቀዘቅዛል ብቻ ሳይሆን ውስጡ የገባውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ትልቅ ስሕተት መሆኑን አሳሰበ፣ ውሃው ተመልሶ ይረጋል። ቁልፉን በእሳት ሞቅ አድርጎ ማስገባት ይረዳል፤ እንደ እኛ ሞተር ባዶ ብረት ለሆነ ቁልፍ ብቻ ነው እንጂ ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፕ ላለው አይደረግም። ከሁሉ የሚሻለው ክረምት ከመግባቱ በፊት አድርቆ ደረቁን ማለስለሻ መስጠት ነው። ቁጥር 1 ጋሼ ይህን አይተው ደስ ብሏቸው ምርቃት ጨመሩለት።

ያደረግኩት

የቁልፍ ቁጥሩ ከቀድሞው ባለቤት ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ የባለቤትነት ወረቀቴን ይዤ ቁልፍ ሠሪ ጋ ሄድኩ፣ የተበላውን ለክቶ በደረጃው አስተካክሎ አዲስ ቀረጸልኝ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ የአሮጌው ጥርሶች ጫፋቸው ዱልዱም ብሎ ተበልቷል። አዲሱን ቀኙ ሳጥን ላይ ሳስገባው ያለ ምንም ማነቃነቅ ዞረ። መቆለፊያውን ሳልነካው። ያ ሁሉ ማስለመን የቁልፉ ነበር።

ለዚህ ነው አሁን ማንም ስለ አሮጌ ሞተር መቆለፊያ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ቁልፍህን አሳየኝ የምለው። በአካል ማለቴ ነው፣ በፎቶ አይደለም።

ግራውን በእህታችን ምክር ከረጢት ውስጥ ፈታሁት። ላሜራዎቹ ላይ በጣም ትንንሽ ቁጥሮች ተመትተዋል፣ በማጉያ መነጽር ይነበባሉ። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው አንድ ዓይነት መስኮት ነው ያላቸው። ይህን ካወቁ በኋላ መደርደሩ ይፈጥናል። ከራሱ ላሜራዎች አብዛኞቹ ቦታ በመቀያየር ብቻ ተስማሙ። ለአንዱ ቦታ የምትሆን ግን አልነበረም። መልስ 10 ላይ እንደተባለው ለጊዜው ባዶ ትቼው፣ ከተፈታ ሞተር የወጣ የማይፈለግ የኤስቲ መቆለፊያ በርካሽ ገዝቼ ላሜራዋን ከዚያ ወሰድኩ። ምንም ሞረድ አልነካም። አንድ የተማርኩት ነገር አለ፤ የሳጥኑ መቆለፊያ ከማስነሻው ያነሱ ላሜራዎች ስላሉት የሚያነበው የቁልፉን ከፊል ርዝመት ብቻ ነው። ሳጥኑን የከፈተ ቁልፍ ማስነሻውንም ያዞራል ብሎ መገመት አይቻልም። አዲስ ቁልፍ ያስቀረጸ ሰው በሁሉም ላይ ይሞክረው፣ የታንኩ ክዳን ላይም ጭምር።

ጊቪው እንዳለ ነው። ሁለት ቁልፍ ይዤ እሄዳለሁ፣ የጊቪውን ጭንቅላት በቀይ ቴፕ ጠቀለልኩት፣ በጓንትም ይለያል።

መልስ 24 እና ከዚያ በኋላ

ጋሼ እንኳን ደስ አለህ ብለው፣ ትርፍ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ እንዳላስቀምጥ አሳሰቡኝ። ሳጥኑ ተዘግቶ ዋናው ከጠፋ ትርፉ ውስጥ ይቀራላ። ቤት አስቀምጬዋለሁ። ቁጥር 6 አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ በሚቀጥለው ሥራው ላሜራ መደርደር እንደሚሞክር ጻፈ፣ ቁጥር 7ም አንድ ተጨማሪ ሞላ ከፈለገ ሊልክለት ቃል ገባ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ስለ ሳጥኑ ክዳን ላስቲክ ጠየቁ፣ ውሃ ስለሚያስገባው። ለእሱ ለብቻው እጽፋለሁ።

ከገዛሁት መቆለፊያ የተረፉትን ላሜራዎችና ሞላዎች በትንሽ ፖስታ አድርጌ ለቁጥር 14 ልኬለታለሁ።